ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ፒፔት ላይ ሲገናኙ

በዚያ ዘመን ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ የምንለካው በአፋችን ነበር። ዛሬ ለወጣቶች ሳወራው የምቀልድ ይመስላቸዋል። ፒፔት የሚባል ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ። አንዱን ጫፍ ፈሳሹ ውስጥ ትነክራለህ፣ ሌላውን ከንፈርህ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ትስባለህ፤ ፈሳሹ ቱቦው ላይ ካለው መስመር ሲደርስ በጣትህ ትዘጋዋለህ። በእርግጥ ለዚሁ ሥራ የተሠራ የጎማ መሳቢያ ነበረን። ግን ደርቆና ተሰነጣጥቆ አየር ያስገባ ነበር። አዲስ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። በየዓመቱ እንጠይቃለን፣ በየዓመቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሌሎች ጉዳዮች እንዳሉ ይነገረናል። አፍ ምንዛሪ ስለማይጠይቅ በአፋችን እንሠራለን።

ስሜ ነስሩ ነው። የምተርክላችሁ ነገር የሆነው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ በአንድ ሚያዝያ ነው። ያኔ ገና ጎረምሳ ቴክኒሻን ነበርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልጄ ያደግሁ የሾፌር ልጅ ነኝ። የምሠራበት ትንሽ የምርምር ላቦራቶሪ ከሰፈራችን በላይ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት ላይ በባሕር ዛፍ ተከቦ ተቀምጧል። በክፍላችን ሦስት ነበርን። አለቃችን ዶክተር ታደሰ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ ያልሆኑ፣ ራሳቸው በሚናገሩት ቀልድ ቀድመው የሚስቁ ሰው። ሌላዋ እትዬ ዘነበች ናት፤ ከእኔ ብዙ የምትበልጥ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ አፏ የማያርፍ ቴክኒሻን።

ሥራችን ከእፉኝት መርዝ ውስጥ አንድ ፔፕታይድ ለይቶ ማጥናት ነበር። ፔፕታይድ ከፕሮቲን ያነሰ፣ ቅንጣቶቹ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የሚሠሩት ነገር ነው። የእኛው የደም ግፊትን ያወርዳል። ዶክተር ታደሰ አንድ ቀን ግፊት ለያዘው ሰው መድኃኒት ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። እስከዚያው ግን የምንሞክረው በጥንቸል ነው። በመርፌ ስንሰጣት መጀመሪያ ጆሮዎቿ ይቀላሉ፣ ቀጥሎ ትልፈሰፈሳለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ከተውናት ቆይታ ትነሳለች። አንድ ቀን ግን እትዬ ዘነበች አንዷ አሳዝናት በፊት እግሮቿ ይዛ ቀጥ አድርጋ አነሳቻትና ጥንቸሏ እዚያው እጇ ላይ ሞተች።

"ምን አደረግኳት?" አለች እትዬ ዘነበች ደንግጣ።

"አቆምሻት" አሉ ዶክተር። "ደሟ በሙሉ ወደ ሆዷና ወደ እግሯ ወረደ፣ ጭንቅላቷ ባዶ ቀረ። ግፊቱ የወረደበት ፍጡር መተኛት እንጂ መቆም የለበትም።"

ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዶክተር ታደሰ ለፔፕታይዱ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ሙሽራ እንደመያዝ ነው። ነጩ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ወዲያው አይከፈትም። ላቡ እስኪደርቅና የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፤ አለዚያ እርጥበት ስቦ ይበላሻል። ሲመዘን የእንጦጦ ነፋስ እንዳያበነው መስኮቱ ይዘጋል፣ እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ያልተጻፈበት ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዱቄቱ ከሟሟ በኋላ ግን ያው ፒፔት መጥቶ አፋችን ውስጥ ይገባል። ለዱቄቱ አስበን ለራሳችን አላሰብንም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይህ ለማናችንም አልታየንም።

አሁን ስለ ጾሙ ልንገራችሁ። እኔ በረመዳን ፒፔት አልስብም፤ አንዲት ጠብታ ጉሮሮዬን ብታልፍ ጾሜ ሄደ ማለት ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ በሁዳዴ አትስብም። "ሥጋና ወተት የማልነካዋን ሴትዮ የእባብ ነገር አፌ ላይ ልታደርጉብኝ?" ትላለች። ስለዚህ ተስማማን። በእሷ ጾም እኔ እስባለሁ፣ በእኔ ጾም እሷ ትስባለች። ይህን ያዘዘን የለም፤ ዶክተር ታደሰም አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ስምምነቱ ለዓመታት ያለ እንከን ሠራ። ችግሩ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ መንሸራተቱ ነው። አምና ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ገባልን። ዘንድሮ ሁዳዴ መሀል ዘሎ ገባ።

"እንግዲህ ማን ይስባል?" አለችኝ የመጀመሪያው ቀን።

"አንቺ ታላቄ ነሽ፣ እትዬ" አልኳት።

"ታላቅ ስሆን ነው ገሃነም የምትመርጥልኝ?"

በዚያች በተሰነጠቀች ጎማ ላይ ፕላስተር ጠቅልለን እየታገልን ጥቂት ቀን ገፋን። መስመሩ ላይ አልቆም እያለ ልኬቱ ሁሉ ተዛባ። በዚያ ላይ ሰኞ ግምገማ ነበር፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው የሩብ ዓመቱን ውጤት ያያሉ። ዓርብ ከሰዓት ስንሠራ ግቢው ባዶ ነበር። ሠራተኛው በሙሉ ለስብሰባ ወደ ከተማ ወርዷል፤ እኛ ሦስታችን የቀረነው በልዩ ፈቃድ ነው። መኪናችን የወሩ የቤንዚን ኩፖን አልቆባት ቆማለች። ስልኩ ያለው በአስተዳደር ቢሮ ነው፤ ቢሮው ተቆልፎ ቁልፉ ስብሰባ ሄዷል።

ዶክተር ታደሰ በዋዜማው የመንጋጋ ጥርሳቸውን አስነቅለው ጉንጫቸው እንዳበጠ ነበር የመጡት። ጎማዋ ስታስቸግረኝ ቆመው አዩኝ። እኔ ፒፔቱን እያገላበጥኩ ነው፣ መፋቂያዬ በአፌ ጥግ ተሰክቷል፤ በረመዳን መፋቂያ ከአፌ አይለይም ነበር።

"በዚህ ዓይነት ሰኞ ምን እናሳያለን?" አሉ።

"ዶክተር፣ ጎማው አየር ያስገባል።"

"አያለሁ። አምጣው፣ እኔ ልሳብ።"

እትዬ ዘነበች ከወዲያ ማዶ ቀና አለች። "እርስዎስ የሚጾሙ አይደሉም እንዴ?"

"ጾሜማ ፈርሷል፣ ዘነበች" አሉ እየሳቁ። "ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ ሚስቴ ወተት ስታጠጣኝ ነው ያደረችው። የፈረሰ ጾም ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለእኔ ተዉት።"

ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ፍትሐዊ መስሎ ታየን፤ የሚጾመው ከጾሙ፣ የማይጾመው ከሥራው። ጾማቸውን ያፈረሰው ነገር ምን እንደሆነ፣ አፋቸው ውስጥ ምን እንደተወ፣ ሦስት የተማርን ሰዎች አንድም ቃል አላነሳንም።

ሁለት ሦስቴ ደህና ሳቡ። ቀጥሎ ገና ውሃ ያልተጨመረበትን ወፍራሙን ብጥብጥ ያዙ። የፒፔቱ ጫፍ ከፈሳሹ ወጣ መሰለኝ፤ አየር ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ። ዶክተር አፋቸውን ይዘው ወደ መታጠቢያው ሮጡና ተፉ። ደጋግመው ተጉመጠመጡ።

"ምን ሆኑ?" አልን ሁለታችንም።

"ቀመስኩት" አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። "ጨው ጨው ይላል። አትደንግጡ፣ የተዋጠ ፔፕታይድ ምንም አያደርግም። ሆድ እንደ ሥጋ ፈጭቶ ይጨርሰዋል።"

"ሥጋ! በሁዳዴ!" አለች እትዬ ዘነበች፤ ዶክተርም መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ሳያልቅ ቆመ። ምላሳቸውን ባበጠው ጉንጫቸው በኩል ሲያዞሩ አየሁ።

"ጥርሴ" አሉ።

ማናችንም ማብራሪያ አልጠየቅንም። ክፍት ቁስል ነው። በሆድ በኩል ያላለፈው በደም በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ለመናገር የሚከብድ ነገር ማድረግ ጀመርኩ፤ ጥንቸል እንደማይ አየኋቸው። ጥቂት ቆይተው እሳቸውም ያንኑ ጠየቁኝ።

"ነስሩ፣ ጆሮዬን እይልኝ።"

"ቀልቷል፣ ዶክተር።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

ከወንበሩ ተንሸራትተው ሲሚንቶው ላይ ተኙ። "እግሬን ከፍ አድርጉልኝ። ማንም ቢመጣ እንዳታስቀምጡኝ። ጥንቸሏን አስታውስ" አሉኝ፤ ቃላቸው ወደ መጨረሻው ተጎተተ። ወንበሩን አጋድሜ እግራቸውን ጫንኩት። ስጠራቸው "እ" ይላሉ ብቻ። የእጃቸውን ትርታ ፈለግሁ፤ ማግኘት አቃተኝ። አንገታቸው ላይ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነገር ይመታል። ያኔ ፈራሁ። ይህ ሰው እዚህ ወለል ላይ ከሞተ የሚሞተው እኔ መያዝ በነበረብኝ ፒፔት ነው ብዬ አሰብኩ።

"ግሉኮስ ያስፈልጋቸዋል፣ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባቸው" አልኳት እትዬ ዘነበችን። "ሰው ጥሪ!"

ነጠላዋን ጥላ ወደ መንገዱ ሮጠች። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የሚያልፉት የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው፤ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና አጣና ተሸክመው እያጎነበሱ የሚወርዱ። አምስት ሆነው ገቡ። ከፊት የነበረችው ብርቄ የምትባል፣ አንገቷ የወፈረ ጎልማሳ ሴት ናት።

"ውይ! ሰውየውን ቀና አድርጉት እንጂ!" አለች ገና ስታይ። ሌላዋ ክብሪት ጭራ አፍንጫቸው ሥር አስጠጋች። አንዷ ብብታቸው ውስጥ እጇን ከትታ ልታነሳ ጀመረች።

"እንዳትነኳቸው!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ ሴት ላይ እንዲያ ጮሄ አላውቅም። "ከተቀመጡ ይሞታሉ። ተኝተው ነው የሚሄዱት።"

"አየር አያገኝም፣ አንተ ልጅ!"

"አየር አይደለም ያነሰው። ደም ነው ወደ ጭንቅላታቸው አልወጣ ያለው።"

ብርቄ አየችኝ፣ ዶክተርን አየች። "የሆነውን ያየኸው አንተ ነህ" አለች። "በል እንዴት እንሸከመው?"

ከሸክማቸው ሁለት አጣና መዝዘው በጠፍራቸው ጋቢ አሰሩበት፤ ቃሬዛ ሆነ። ሸክማቸውን አጥሩ ሥር ጥለው ሲወጡ አንዷ ዘወር ብላ አየችው። የደን ጥበቃ ቢያገኘው እንደሚወስደው እኔም አውቅ ነበር። ግን ተከተለችን።

ቁልቁለቱ ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። ሴቶቹ የዶክተርን እግር ወደ ታች አድርገው ሊሸከሙ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጭንቅላታቸው ከእግራቸው በላይ ይሆናል።

"አዙሯቸው" አልኩ። "ጭንቅላታቸው ወደ ታች ይሁን።"

"በጭንቅላቱ ቁልቁል ሰው ይወርዳል?"

"ይውረድ!"

አዞሯቸው። ብርቄና አንዷ ከፊት፣ እኔና ሌላዋ ከኋላ፣ እትዬ ዘነበች ከጎን አንገታቸውን እየዳበሰች "አለ፣ አለ" እያለች ወረድን። የፈረንሳይ ዳገት ስንቱን ሲያማርር የኖረ ዳገት ነው፤ ያን ቀን ግን መድኃኒት ሆነልን። ጠጠሩ ያንሸራትታል። አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ሴቶቹ ጫማቸው ሸራ ነው፤ አንድም ጊዜ አልተንሸራተቱም።

ጤና ጣቢያው ሊታይ አንድ እጥፋት ሲቀረን ሰው ተሰበሰበብን። አንድ ግዙፍ ሰው መንገዱን ዘጋ። አዘኔታው ከልቡ ነው፤ እስካሁን ክፋት አላሰብኩበትም።

"እናንተ ጨካኞች! ሰውን እንደ ዕቃ ዘቅዝቃችሁ?" አለና ሳናስበው ዶክተርን በብብታቸው ይዞ ቀጥ አድርጎ አስቀመጣቸው።

የዶክተር ፊት አመድ ሆነ። ዓይናቸው ተገለበጠ። የእትዬ ዘነበች እጅ አንገታቸው ላይ ነበር፤ "የለም!" ስትል ሰማኋት። እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ያን የሚያክል ሰው ገፍትሬ ጣልኩት። ዶክተርን መሬት ላይ አጋድመን እግራቸውን ትከሻዬ ላይ አነሳሁ። እትዬ ዘነበች ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትፈልጋለች። ትፈልጋለች። ለእኔ ያ ጊዜ አላልቅ አለ።

"መጣ" አለች።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ ግፊታቸውን ለካች፣ ፊቷን አኮሳተረች፣ በሌላኛው ክንድ ደግማ ለካች። ከዚያ መርፌዋን አዘጋጀች። ግሉኮሱ ሲገባ ብርቄና ጓደኞቿ በሩ ላይ ቆመው አዩና ወደ ዳገቱ ተመለሱ፤ ሸክማቸው ቆይቶላቸው ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

እኔና እትዬ ዘነበች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ በለሆሳስ ጸሎቷን ትደግማለች፣ እኔ በውስጤ ዱዓ አደርጋለሁ። ቅድም ማን ይስባል ብለን ስንከራከር የነበርን ሰዎች ነን። ሁለታችንም ፀጉራችን በአቧራ ቀልቷል።

"ነስሩዬ" አለችኝ በመሀል። "በእኔ ጾም ነው በአንተ ጾም የሆነው?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሲስተሯ ጠራችን። ዶክተር ዓይናቸውን ገልጠዋል። ግፊታቸው እየወጣ ነበር፤ ሰውነታቸው ያን ፔፕታይድ ቆራርጦ እየጨረሰው ነው።

"ጆሮዬስ?" አሉኝ።

"ወደ መልኩ ተመልሷል።"

"ሁለቱም?" አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ አለቀስኩ። አሁንም ሲያስታውሱኝ አላፍርበትም።

"ዶክተር፣ እኔ ወይ እትዬ ስበነው ቢሆን ኖሮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ምንም አትሆኑም ነበር" አሉ። "ትተፉታላችሁ፣ ትጉመጠመጣላችሁ፣ አለቀ። የእናንተ አፍ ደህና ነው።" ሊያጽናኑኝ ነበር ያሉት። እኔ ግን ጾሜ ሰው ሊገድል ነበር ማለት ነው ብዬ ሰማሁት።

አዛን ተሰማ። ውጪ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ ጾሜን ፈታሁ።

ሰኞ ግምገማው ላይ የቀረበ ውጤት አልነበረም፤ ዶክተር ቆመው የሆነውን እንዳለ ተናገሩ። ወቀሳ ደረሰባቸው። በነጋታው ከገበያ አንድ ትልቅ የመርፌ ሲሪንጅና የጎማ ቱቦ ገዝተው መጡና ከፒፔቱ ጋር አያያዙት። አስቀያሚ ነገር ነበር፤ ግን ይስባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን ፒፔት ከከንፈር ተለየ። ልውውጣችንም አበቃ፤ እትዬ ዘነበች ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጾማችን በየፊናው ያለ ድርድር ተጾመ።

እናንተ አንባቢዎች ይህን ለምን እንዳወራሁ ትሉ ይሆናል። በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከመገናኛ መጣ። እዚያ ጂም ይሠራል። ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ነጭ ዱቄት፣ ላዩ ላይ ለምርምር ብቻ የሚል ጽሑፍ። ሳየው ያ የእንጦጦ ነፋስ ፊቴ ላይ የመጣ መሰለኝ።

"ፔፕታይድ ነው፣ አጎቴ። ለጡንቻ። በምን እንደሚሟሟ ንገረኝ፣ ሌላውን እኔ እወጋዋለሁ።"

"ማን ሠራው? ውስጡ ያለው የተጻፈው መሆኑን ማን አየ?"

"ሁሉም ሰው እኮ ይወስዳል። ደግሞ እኔ ሄልዚ ነኝ፤ ምንም ችግር የለብኝም።"

ያኔ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኩት፤ ለእትዬ ዘነበችም፣ ለዶክተርም አልነገርኳቸውም ነበር። ያን ምሽት ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ ተጉመጠመጥኩ። የተፋሁት ውሃ ነጩ ገንዳ ላይ ሲያርፍ ቀላ ያለ ነበር። ደግሜ ተፋሁ፣ አሁንም ቀላ። ረመዳን ሙሉ ቀን ከሌት የፋቅሁበት መፋቂያ ድዴን በሦስት ቦታ አቁስሎታል፤ ስለማያመኝ አላወቅሁም። ዶክተር ደህና ነው ያሉት አፌ ያ ነበር። ስንት ረመዳን እንደዚያ አልፎ፣ ረመዳን ባልሆነበትም በመፋቂያዬ ስፍቅ ከርሜ፣ በዚያ አፍ ስንቱን ብልቃጥ ስስብ እንደኖርኩ ማሰብ ጀምሬ ተውኩት።

ልጁ ምላሱን በድዱ ላይ ሲያዞር አየሁት፤ ዶክተር ታደሰ ያን ቀን እንዳደረጉት። ከዚያ ብልቃጡን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ በኩል አስጠጋው።